ከፎርማይካው ጀርባ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወዳለ አንድ የኪችን ካቢኔት መሸጫ ይዛኝ ሄደች። የማድ ቤቷን መደርደሪያ ልታስለውጥ ነው። እኔን የጠየቀችኝ ለወጉ ያህል ይመስለኛል፤ ምርጫዋን በስልኳ ጨርሳ ነው የመጣችው። ሻጩ በሮቹን እየከፈተ እየዘጋ አንጸባራቂውን፣ ደብዘዝ ያለውን፣ እንጨት የሚመስለውን አሳየን። እኔ አንዱን ከፍቼ አንገቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ የኮላና የአዲስ ቺፑድ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

"መጀመሪያ አሮጌው ይነቀልና ግድግዳው ይታይ" አልኳት ልጄን።

ሻጩ ሳቅ አለ። "ማዘር፣ ጀርባውን ማን ያየዋል? ይሸፈናል እኮ!"

ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ያ ነገር ሲሆን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ተምሬ ተመልሼ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ሰርጌ ለጥር ተቆርጧል። ከዚያ በፊት፣ በኅዳር፣ የእጮኛዬ እናት ከአዲስ አበባ መጥተው ሊጠይቁን ቀጠሮ ይዘዋል። እናቴን ከቤቱ ሁሉ ያሳፈራት ማድ ቤቱ ነበር። መደርደሪያው አባቴ በሕይወት ሳለ ያሠራው ጣውላ ነው፤ ጭስ የጠጣ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከጣሪያው በሚወርድ ውሃ ያበጠ። "ዘመናዊውን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ ምረጪ" ብላ ነገሩን ለእኔ ተወችው። እኔም ተኮፈስኩ። እናቴ የጠራችው አናጢ ያመጣቸውን የፎርማይካ ናሙናዎች ሳገላብጥ ሦስት ቀን ፈጀሁ። በመጨረሻ የቅቤ መልክ ያለው፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ አንጸባራቂ መረጥኩ። እጀታው ደግሞ ወርቃማ። ዛሬ ሳስበው መልኩም ጭምር ያስጠላኛል።

ቤታችን ውስጥ ዘነቡ የምትባል ሴት ነበረች። የአንኮበር ሰው ናት፤ ባሏ ሲሞትባት ወደ ከተማ መጥታ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ዘንድ ወጥ ትሠራ ነበር። እትዬ ዘነቡ እላታለሁ። እንደ እሷ ያለ ንጹሕ ሰው አይቼ አላውቅም። ስልጆ ልትጥል ስትል ማሰሮውን ደጋግማ አጥባ በፀሐይ ካላደረቀች እጇን አታስገባበትም።

አናጢው ሥራ ሊጀምር ባለበት ጠዋት ጠራችኝ። "አስቱዬ፣ ነይማ እዪልኝ" አለችና ከምድጃው በላይ ያለውን አንዱን ሳንቃ ፈልቅቃ አሳየችኝ።

የግድግዳው ጭቃ ረጥቦ እንደ ሊጥ ሆኗል። በላዩ አረንጓዴ ሻጋታ ተኝቶበታል። በየስንጥቁ የአይጥ ኩስ ተከምሯል። ከሳንቃው ጀርባ ከቡትቶና ከገለባ የተሠራ ጎጆ አለ፤ ውስጡ ፀጉር ያላበቀሉ፣ ቀያይ የአይጥ ልጆች አንዱ በሌላው ላይ ይርመሰመሳሉ። አፌን ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አስመለሰኝ።

ዘነቡ ተከትላኝ መጥታ ጀርባዬን ደባበሰችኝ። "ይሄ ሁሉ ተነቅሎ፣ ተጠርጎ፣ ግድግዳው ሁለት ሳምንት ነፋስ ካላገኘው አዲሱም አብሮ ይበላሻል" አለችኝ።

ሁለት ሳምንት! እንግዶቹ ሊመጡ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። አናጢውን ምን ይሻላል አልኩት።

"መርዝ ጣል አድርጌ በላዩ ላይ ብመታበትስ?" አለኝ። "ፎርማይካው ከለበሰ ማን ያየዋል?"

"ምታበት" አልኩት። ዘነቡንም "ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ትጨነቃለች" አልኳት። ሳትወድ እሺ አለች።

ሥራው ሲያልቅ እናቴ በደስታ እልል አለች። በሳምንቱ ግን ሽታው ጀመረ። መጀመሪያ እንደ ከረመ ቆዳ፣ ኋላ ስሙን ልሰጠው የማልችለው፣ ጉሮሮ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ግማት ሆነ። እንጀራው እሱን እሱን አለ። እናቴ ማሰሮዎቹን፣ ጆንያዎቹን፣ የዕቃ ማጠቢያውን ጨርቅ አንድ በአንድ አሸተተች።

"ዘነቡ፣ ይሄ ጨርቅ ነው። ዕድሜ ተጫነሽ መሰለኝ፤ ቆሽሸሻል" አለቻት።

ዘነቡ ቀና ብላ አየችኝ። ቃሏን ጠብቃ እኔ እንድናገር ነው የጠበቀችው። እኔ ወርቃማውን እጀታ እየወለወልኩ ነበር። መወልወሌን ቀጠልኩ።

እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። ከዚያ አሰናበተቻት። ዘነቡ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በአጠገቤ ስታልፍ "አስቱ፣ አንቺም ዝም?" አለችኝ። መንገድ ለቅቄ አሳለፍኳት።

እንግዶቹ የመጡት ጾም በገባ በሳምንቱ ነው። እናቴ ከአዲሱ መደርደሪያ ላይኛው ሳጥን ሳህኖቹን አውርዳ ስልጆውንና የአተር ክኩን አቀረበች። የእጮኛዬ እናት ለመጉረስ እጃቸውን ዘረጉና መለስ አደረጉት። በሳህናቸው ጠርዝ ላይ ነጭ ትል ይሄዳል። ጨዋ ሴት ነበሩ፤ "ልጄ፣ ይችን ሳህን ብትቀይሪልኝ" ነው ያሉኝ። ሳጥኑን ስከፍት ትሎቹ ከጥጉ በኩል ይንጠባጠቡ ነበር፣ በሳህኖቹ ላይ፣ በእጄ ላይ።

እንግዶቹ እንደሄዱ እናቴ ሳጥኑን በመጥረቢያ አስፈለጠችው። ከጀርባው የወጣውን በአካፋ ነው ያወጣነው።

"ዘነቡ ይሄን ታውቅ ነበር?" አለችኝ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ።

"ታውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።"

እናቴ አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም። ከእኔ ራቅ ብላ ቆመች፤ ትሉን ስታይ የነበረው ፊቷ ሳይለወጥ ወደ እኔ ዞረ።

በማግስቱ አንኮበር ወረድኩ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ገብስ ይታጨዳል፤ ከቆላው የሚወጣው ጉም ገደሉን ሞልቶታል። ዘነቡን እህቷ ቤት ባቄላ ስታበጥር አገኘኋት። ቆሎ አቀረበችልኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት ስላት እጇን አላቆመችም።

"ሁለት ቤት ልቀጠር ሄጄ ነበር" አለችኝ። "'ያቺ ቆሻሻዋ አይደለሽም ወይ?' ብለው መለሱኝ። ይቅርታሽን ስሜ የጠፋበት ቦታ ሄደሽ ተናገሪው። እዚህ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ይሠራልኛል?"

ተናገርኩት። እናቴ ማኅበር ባወጣችበት ዕለት፣ የሠፈሩ ሴቶች በተቀመጡበት፣ ያየሁትን፣ ያስሸፈንኩትንና ዝም ያልኩትን ሁሉ ቆሜ ነገርኳቸው። አንዷ የጎረሰችውን መዋጥ አቅቷት ወጣች። ሰርጌ አልቀረም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ቤት እህል የቀመሱት ጥቂቶች ናቸው። ዘነቡን ፊት ለፊታችን ያለው ቤት ቀጠራት። ለዓመታት በደጃችን ስታልፍ ለእናቴ እጅ ትነሳለች። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም፤ እንድታየኝም ደፍሬ አልጠራኋትም።

ቅዳሜ ዕለት ልጄ ተከትላኝ ወጥታ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ ይህን ሁሉ መንገድ ዳር ቆሜ ነገርኳት። ከልጆቼ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። የትሉን ነገር ስትሰማ ፊቷን ታጨፈግጋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ነገር ላይ ቆማለች።

"እማዬ፣ ትሉ ባይወጣ ኖሮ ትናገሪ ነበር?"

ሰው በዚህ ዕድሜው ለልጁ መልካም መልስ መስጠት ይወዳል። ብዙ አሰብኩ።

"አይመስለኝም" አልኳት።

እጄን ያዘችኝ፣ ግን ወዲያው አልነበረም።