ለመስቀል የተቦካው ጭቃ

የወባ መድኃኒት ረጪዎቹ አሁን ከቤቴ ወጡ። ሽታው ወደ ልጅነቴ፣ ቆሼ ወደሚባለው የገጠር መንደራችን፣ እናቴ ቤት ድረስ ይዞኝ ሄደ።

ያኔም መስቀል ሊደርስ ነበር። ረጪዎቹ «ግድግዳውን እንዳትለቀልቁት፣ መድኃኒቱ ይጠፋል» ብለውን ሄዱ። እናቴ ግን ጭቃውን ከእበት ጋር አቡክታ ጨርሳለች። አባቴ ከአዲስ አበባ ለበዓሉ ይመጣል፤ ግድግዳው ደግሞ በመድኃኒቱ ተዥጎርጉሯል።

«ኧረ ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

አያቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከወባ ለጥቂት የተረፈውን ታናሽ ወንድሜን እንዳቀፈች፣ «ባልሽ የሚመጣው ግድግዳ ሊስም ነው ወይስ ልጁን?» አለቻት።

እናቴ እየሳቀች አለቀሰች። ከዚያ እጇን ታጠበች።

ዘንድሮ ልጆቼ ከነልጆቻቸው ለመስቀል እየመጡ ነው። ግድግዳዬ ያው እንደዚያን ጊዜው ተዥጎርጉሯል። ያቦካሁት ጭቃ በባልዲው እየደረቀ ነው፤ እኔም ረጪዎቹ ከወጡ ወዲህ እጄን አልነከርኩበትም።