በመግነዝ ተጠቅልሎ የመጣው ሲዲ

ባለፈው ሳምንት ልጄ መሳቢያ ሲበረብር አንድ ሲዲ አገኘ። "እማ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው ይሄ? መስታወት ነው?" አለና ፊቱን አየበት። ቀጥሎ ጣቱን በመሃሉ ቀዳዳ አስገብቶ ያሽከረክረው ጀመር። እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ መሰላችሁ፣ "ፊቱን አትንካ! ጠርዙን ያዝ!" ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ክው አለ፤ እኔም የገዛ ጩኸቴ አስደነገጠኝ። ሲዲው ድሮውኑም ሲቀዳ የተበላሸ ነው፤ እንኳን ጣት መዶሻ ቢያርፍበት የሚጎድልበት ነገር የለም። ግን ምን ላድርግ፣ በሲዲ ነገር ጤነኛ አይደለሁም። የኔ ዘመን ልጆች ትረዱኛላችሁ ብዬ ነው የማወራችሁ።

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ከክቡ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጀርባ፣ ጣሪያዋ ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ፀሐይ ሲበረታ የአጥሩ ድንጋይና የጥዱ ሙጫ አንድ ላይ የሚሸቱት ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። አባዬ የቤተ ክርስቲያኑ በር ጠባቂ ነበር፤ እማዬ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። የቤቱ አስተርጓሚና መካኒክ ግን እኔ ነኝ። ዕብራይስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጤና መድኑ፣ ኩፓት ሖሊም ጋ ደውዬ የሐኪም ቀጠሮ የማስይዘው እኔ፣ ቴሌቪዥኑ ሲንጫጫ ጎኑን የምመታው እኔ። ገመድ እየዘለልኩ እንኳ "ነይ እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?" ብለው ይጠሩኛል። ፈሪነቴ የጀመረው ያኔ ይመስለኛል፤ የትልቅ ሰው ነገር በልጅ አፍ ሲያልፍ ሆድ ውስጥ የሚቀር ትርፍ አለው።

ኮምፒዩተሩን አባዬ ያመጣው ሃነቪኢም መንገድ ላይ ካለ አንድ ቢሮ ነው፤ ሊጥሉት ሲሉ ለምኖ፣ በጋሪ እየገፋ። ሲበራ ጓ ጓ ይላል፤ ሲሞቅ የተጠበሰ አቧራ ይሸታል። ጌጡ ሲዲ መቅጃው ነበር፤ በዕብራይስጡ ጾሬቭ እንለው ነበር። ቁልፉን ስትጫኑት መሳቢያው ሸርተት ብሎ ይወጣል፣ ባዶ ሲዲ ስታስቀምጡለት መልሶ ይውጠዋል። እማዬ "ደግሞ ምላሱን አወጣ" እያለች ትስቅበት ነበር።

አሁን የኔታን ላስተዋውቃችሁ። ግቢው ውስጥ የሚኖሩ መነኩሴ፣ የዜማ መምህር ናቸው፤ እኛን ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጥሩን ነበር። ዕብራይስጥ የለመደው አፋችን "ጨ" እና "ጰ" ላይ ሲንገዳገድ "ምላሳችሁን ተከራይታችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?" ይሉናል። ክፍላቸው ጧፍና የተፈላ ዝንጅብል ይሸታል። ዝንጅብሉ ለጉሮሯቸው ነው፤ በዚያ ዓመት ጾሙ ሲገባ ድምፃቸው ይሻክር ጀምሮ ነበር። ሐኪም ቤት አባዬና እኔ ወሰድናቸው፤ አስተርጓሚዋ ያው እኔ ነኝ። ሐኪሟ ጉሮሯቸው ውስጥ እባጭ አለ፣ ከፋሲካ በኋላ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል፣ ድምፃቸው ግን ላይመለስ ይችላል አለችኝ። አባዬ "ምን አለች?" እያለ ክንዴን ይጎትተኛል። የኔታ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው "ተዋት። ቋንቋው ባይገባኝ ፊቷን አንብቤዋለሁ" አሉት።

አባዬን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ ያዘው። የኔታ ጎንደር ጥለዋቸው የመጡ ተማሪዎች ነበሯቸው። የሕማማቱን ዜማ ጀምረውላቸው፣ ገና መግቢያውን እንደያዙ፣ ሳያስጨርሷቸው ነው ወደ ኢየሩሳሌም የመጡት። ይህ ነገር እንደ እሾህ ሲወጋቸው ይኖራል። "ድምፃቸው ሳይሄድ ዜማውን በሲዲ ቀድተን፣ ለፋሲካ ከሚመጡት ተሳላሚዎች በአንዱ እንስደድላቸው" አለ አባዬ። የኔታ በመጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ዜማ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው እንጂ ከሳጥን አይማሩትም ብለው። በስንት ልመና እሺ ያሉትም በራሳቸው ሕግ ነው። የሕማማት ዜማ በሕማማት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከአፋቸው አይወጣም። ስለዚህ ያለን ዕድል ያቺው ሳምንት ብቻ ነበረች።

በሰሙነ ሕማማት፣ ከስግደቱ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ ኮምፒዩተሩን ተሸክመን ክፍላቸው አስገባነው። እንደ ልማዴ ጉልበታቸውን ልሳለም ስጠጋ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉኝ፤ በዚያ ሳምንት መሳለም እንደሌለ ረስቼው ነበር። ማይክሮፎኑን ከደረታቸው ፊት አቆምኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ግዕዙ አንዱም አልገባኝም፤ ግን ማጅራቴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ወደ ኋላ ግድም፣ ዜማው ከላይ ወደ ታች ሊወርድ ሲል፣ ጉሮሯቸው ያዛቸውና "እህ" ብለው ጠርገው ቀጠሉ። በኋላ ኮምፒዩተሩ ላይ ያቺን "እህ" ቆርጬ ላወጣት ስል አባዬ ቱግ አለ። "የኔታን ልታርሚ? አንቺ ማነሽና!" አለኝ። ተውኳት።

የሚቀጥለው ጭንቀት የኔ ነበር። የገዛናቸው ሲዲዎች ርካሽ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ በእኛው ኮምፒዩተር ደህና ሲጫወቱ ቆይተው የእማዬ ማጫወቻ ላይ ሲገቡ እንደ ፌንጣ ይዘላሉ። እዚህ የዘለለ ጎንደር ላይ ምን ሊሆን ነው? የትምህርት ቤቴን የኮምፒዩተር መምህርት ብጠይቃት፣ ቀስ ባለው ፍጥነት ቅጂ፣ ከዚያ ሳትፈትሺ እንዳትሰጪ ብላ የመፈተሻ ፕሮግራም ሰጠችኝ። ፕሮግራሙ ሲዲውን ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያነብና መስኮቱ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ይደረድራል። አረንጓዴ ከሆነ ደህና ተጽፏል፤ ቢጫ ከሆነ ለጊዜው ይነበባል ግን አትመኑት፤ ቀይ ከሆነ ሞቷል። የተበላሹትን እማዬ ለርግብ ማባረሪያ በረንዳው ላይ ሰቀለቻቸው። ልጄ ያገኘው ከነሱ አንዱን ነው።

ለቀዳም ስዑር ከገዛናቸው የቀረውን የመጨረሻ ሲዲ ቀዳሁ። አባዬ ቄጤማውን ግንባሩ ላይ እንዳሰረ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ እኔ ጥፍሬን እበላለሁ፣ እሱ በሹክሹክታ አቡነ ዘበሰማያት ይላል። እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆነ! አባዬ ከግንባሩ ቄጤማውን ፈትቶ ኮምፒዩተሩ ላይ አሰረለት። እማዬ "አበዳችሁ እንዴ ሁለታችሁም?" ብላ ሳቀችብን። በፋሲካው ዕለት ሲዲውን ከጎንደር ለመጡት ተሳላሚ ለእትዬ ብርቄ ሰጣቸው። የኔታን ከድሮ ጀምሮ የሚያውቁ፣ ነጠላቸው የማይቆሽሽ ባልቴት ናቸው። አባዬ አደራውን ሲያጠብቅ፣ ድምፁ ያለው በሚያብረቀርቀው በኩል ስለሆነ ለእሱ ይጠንቀቁለት ብሎ ደጋግሞ ነገራቸው።

በማግስቱ ኮምፒዩተሩ ጓ ጓ ብሎ ዝም አለ። ጠጋኙ ጋ ወሰድነው፤ ሃርድ ዲስኩ አልቋል፣ ውስጡ ያለውም አብሮ አልቋል አለና አሮጌ ሌላ ገጠመልን። በረንዳው ላይ ንፋስ ሲያጋጫቸው የሰነበቱትን ሲዲዎች አውርጄ ሞከርኩ፤ አንዱም አልተነበበም። አባዬ "አይዞሽ፣ ሲዲው አለ አይደል!" አለኝ። እኔ ግን የመፈተሻውን ፕሮግራም መልሼ ጫንኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ፈሪ ሰው ምክንያት አይፈልግም።

ተሳላሚዎቹ በሚሄዱበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ እትዬ ብርቄ ሊሰናበቱን መጡ። ገና ከበሩ የሽቱ ዘይት ሽታ ቤቱን ሞላው። ከጎልጎታ መምጣታቸው ነው። ተሳላሚ ሁሉ እንደሚያደርገው ለዕለተ ሞታቸው የገዙትን መግነዝ ጌታ የተገነዘበት ድንጋይ ላይ አሽተው አምጥተዋል። ጨርቁን ፊታችን ሲፈቱት፣ ከመሃሉ የየኔታ ሲዲ ወጣ፤ ከነዘይቱ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ!" አሉ ፊታቸው በርቶ። "የሰው አደራ እንዲያው ባዶውን አይሄድም ብዬ፣ ያን ድምጡ ያለበትን ፊት እድንጋዩ ላይ አጥብቄ አሸሁት። እንደ መግነዜ ተባርኳል።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። አባዬ ምን ይበላቸው? ሴትዮዋ ያላቸውን ትልቁን ነገር ነው የሰጡት፤ ለሞታቸው ያሰቡትን በረከት ለኛ ሲዲ አካፍለዋል። "እግዜር ይስጥልን እትዬ" አለና ላቡን ጠረገ። ለእኔ ግን በዓይኑ ወደ ኮምፒዩተሩ አመለከተኝና እየሮጠ ወደ የኔታ ወጣ።

ሲዲውን በሳህን ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ በጥጥ አጠብኩት። ዘይቱ ለቀቀ፤ ከሥሩ ግን የድመት ጥፍር የመሰለ ጭረት አለ፤ በተለይ በመሃሉ ቀዳዳ ዙሪያ። ጾሬቩ ውስጥ ከተትኩት። አጉረመረመ፤ ዝም አለ፤ እንደገና አጉረመረመ። ሲዲ የለም አለኝ። አውጥቼ እንደገና ጠረግኩትና መለስኩት። እትዬ ብርቄ ነገሩ ስላልገባቸው "ሻይ ልታፈላልኝ ነው?" ብለው እማዬን ይጠይቃሉ።

በዚህ መሃል አባዬ የኔታን አስከትሎ ገባ። መንገዱን ሁሉ ሲለምናቸው ነበር የመጣው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ቢደግሙልን። የኔታ በሻከረ ድምፃቸው የመለሱለትን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"ልጄ፣ ክርስቶስ ተነሥቷል እኮ። ስለ ሲዲ ብዬ መልሼ ልስቀለው?"

አባዬ አንገቱን ደፋ። በዚያች ቅጽበት ጾሬቩ ሽው ብሎ መዞር ጀመረ፤ ሲዲውን አገኘው። መፈተሻውን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋ ሳጥን ቀይ ሆነች። ሁለተኛዋም። ቀጥሎ ቢጫ፣ ደግሞ ቀይ። ዕንባዬ መጣ። አባዬ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። የኔታ ጎንበስ ብለው ቀዩ የዜማው የትኛው ቦታ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከመሃል ስለሚጀምር መግቢያው ነው አልኳቸው። "መግቢያውን እኮ በቃላቸው ሰጥቻቸዋለሁ" አሉ፤ "እሱ አይጫርም። አንቺ የወዲያውን እይልኝ።"

አየሁላቸው። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ከዚያ አንዲት አረንጓዴ። ተከታዩዋም አረንጓዴ። ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ ልበላችሁ፣ ግን መቁጠርም አልቻልኩም፤ ብቻ አረንጓዴው እስከ ጠርዙ ድረስ ወረደ። ልጆቹ ያልተማሩት ሁሉ ተርፏል። እማዬ እልል አለች። እትዬ ብርቄም ተከትለው አቀለጡትና "አላልኳችሁም? ያ ድንጋይ እኮ ዋዛ አይደለም!" አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ሲዲው በዚያው ቀን ሄደ። መድረሱን ሰማን እንጂ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ኖርን። የኔታ ከቀዶ ጥገናው ተነሡ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ በሹክሹክታና በመቋሚያቸው እየጠቆሙ ብቻ ኖረው፣ እኔ የእስራኤል ሠራዊት ውስጥ ግዴታዬን ስወጣ አረፉ። አልቅሼ አልወጣልኝም።

ዛሬ ስልኬ ውስጥ የልጄ ሳቅ፣ የአባዬ ወሬ፣ የስንቱ ሠርግ ድምፅ ታጭቋል። መቀዳቱን ያየሁበት፣ መልሼ የሰማሁት ቀን የለም። አዲሱ ኮምፒዩተሬ ሲዲ የሚገባበት እንኳ የለውም። ያኔ አንዲት ድምፅ ለማትረፍ ቤተሰብ ሙሉ ሳጥን ፊት ተቀምጦ ይጸልይ ነበር፤ አሁን ሁሉ ነገር ያለ ይመስለንና ስለምንም አንፈራም። ያን ፍርሃት ናፈቅኩት ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ።

ዘንድሮ ስቅለት ግን ይኸውላችሁ። ከጎንደር ለመሳለም የመጣ አንድ ወጣት ዲያቆን ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሕማማቱን ዜማ ተቀበለ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜያለሁ፤ አባዬ አርጅቷል፣ ከወንዶቹ በኩል መቋሚያውን ተደግፏል። ልጁ ድምፁ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ዜማው ከላይ ወደ ታች ሊወርድ ሲል ቆም አለና፣ "እህ" ብሎ ቀጠለ። ዞር ስል አባዬ በሰው መሃል እኔን ይፈልጋል።

ስግደቱ ሲያበቃ ግቢው ውስጥ አባዬን ደግፌ ዲያቆኑ ጋ ሄድኩና ጉሮሮውን አሞት እንደሆነ ጠየቅኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። "የለም እቴ፣ እሷማ ዜማዋ ናት" አለኝ። "መምህሬ እንዲህ አርገው ነው የሰጡኝ። እሳቸውም በሲዲ ከመጣላቸው ከየኔታ ድምፅ ነው የያዟት። አንድ ጊዜ ሳላደርጋት ብቀር ከመጀመሪያው አስደግመውኛል።"

አባዬ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየሁም፤ ብቻ መቋሚያውን መሬት ላይ ነቅነቅ አድርጎ፣ "አታርሚ ብዬሽ ነበር" አለኝ።