አራተኛዋ ቦይ

«ጥርሴን አላመመኝም፤ ብቻ ራጅ አንሺኝ» ብለው የገቡት አዛውንት ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የጥርስ ሐኪሟ ግን ዓይኗን ከኮምፒውተሩ መንቀል አቃታት። የመንጋጋ ጥርሳቸውን ምስል ከነሥሩ በየአቅጣጫው ብታገላብጠው፣ በጥርስ ሥር ውስጥ ነርቭ የሚያልፍባቸውን ሦስት ቦዮች ቆጥሮ የሚያቆም ሐኪም ሁሉ የሚስታት፣ ፀጉር የምታክል አራተኛ ቦይ እስከ ጫፏ ድረስ በጥርስ መሙያ ተሞልታለች። ሐኪሟ በአድናቆት ክው አለች።

«አባባ፣ ማነው የሠራልዎት?»

«ልጄ። ተማሪ ሳለች የመጀመሪያ ታካሚዋ እኔ ነበርኩ።»

«በሞቴ ያገናኙኝ! የት ነው የምትሠራው?»

ባርኔጣቸውን አንዴ አዞሩት።

«የመጨረሻዋም እኔው ሆኜ ቀረሁ፤ በዚያው ሰሞን ሞተችብኝ። እንዳይሰበር ብዬ በዚህ ጥርስ አኝኬ አላውቅም። እስኪ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሪው፣ ልጄ፤ የእጇን ሥራ ልየው።»