ወንድሜ ሥጋ የተወበት ዓመት

ወንድሜ በዕድሜ በጣም ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። ጋሼ ነበር የምለው። ከጅቡቲ ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቤታችን ደሴ ቢሆንም እሱ እንደ እንግዳ ነው፤ ያድርና ይሄዳል። የሚበላው መንገድ ላይ ነው። ደጋን ከተማ ሲደርስ ጥብስ፣ ሌላ ቦታ ቅቅል፣ ቅቤ የጠገበ ፍትፍት። ጎመን ካየ «ይሄ ለበጉ ነው» ይላል።

ሽንቱ ሲያስቸግረው የመንገድ ብርድ ነው ብሎ ቆየ። ሲመረመር የፕሮስቴት ካንሰር ተባለ። ሐኪሙ ስለ ሕክምናው ከነገረው በኋላ ስለ ምግብም አነሳ።

«የሰባ ሥጋና ቅቤ ይቀንሱ። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ የበሰለ ቲማቲም ያብዙ። ምግብ ይህን በሽታ አያድንም። ስብ የበዛበት አመጋገብ ለበሽታው ሳያጋልጥ አይቀርም ይባላል፣ ግን እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። ለልብዎም ለጉልበትዎም ይጠቅማል።» ከዚያ እኔን አየኝ። «ወንድም ነህ? በቤተሰብም ስለሚመጣ አንተም ዕድሜህ ሲደርስ ተመርመር።»

ጋሼ ሥራ አቆመ። እና... አብረን መብላት ጀመርን። በየቀኑ።

ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት። ሥጋዋን እኛ አንበላም፣ የእኛንም እሷ አትበላም። የጾም ምግብ ግን ያገናኘናል። ረቡዕና ዓርብ በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ጎመን፣ ቲማቲም ስልስ በአጥሩ ላይ ታቀብለናለች።

«እህቴ» አላት አንድ ቀን፣ «ሐኪሙ ጾም አስጀመረኝ፣ አንቺ ልታቆርቢኝ ነው።»

«አርፈህ ብላ። ፋሲካ ሲመጣ እኔ እፈታለሁ፣ አንተ ትቀጥላለህ።»

ጋሼ እስኪያስለው ሳቀ። ወንድሜ እንዲህ እንደሚስቅ አላውቅም ነበር። ቀስ ብሎ እንደሚበላ፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ ለእኔ ትቶ እጁን እንደሚሰበስብም አላውቅም ነበር።

ሰው ያንን ዓመት የበሽታው ዓመት ይለዋል። ለእኔ ወንድሜን ያገኘሁበት ነው። እንዲህ ማለት ይከብደኛል፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው። አሁንም የምናፍቀው ያንን ዓመት ነው።

እየደከመ ሲሄድ የሹፌር ጓደኞቹ በግ ይዘው ከኮምቦልቻ መጡ። ለታመመ ሰው አርዶ ዱዓ ማድረግ የእኛ ወግ ነው። ዱዓው ሲያበቃ ከበጉ ሁሉ የሰባውን፣ ላቱን፣ መርጠው ለጋሼ አቀረቡለት። ሲወዱት ነው።

«ለበሽተኛ ስብ ነው መድኃኒቱ» አለ አንዱ። «ጎመን ደግሞ ማንን ከአልጋ አነሳ?»

ጋሼ አመሰገናቸው። እንዳይከፋቸው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። «ይሄ ይብላልኝ፣ ወጣት ነው።»

እጄን ዘረጋሁ። ሳልነካው ክንዴን ያዘኝ። «ቆይ» አለ። ሳህኑን መልሶ ለጓደኞቹ ሰጣቸው። «እናንተው ብሉት። እሱ ከእኔ ጋር ጎመኑን ይበላል።»

«እኛስ? እኛ ብንሞት ግድ የለህም?»

«እናንተማ የአባቴ ልጆች አይደላችሁም።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እጁ ክንዴ ላይ ነበር፣ ቀሏል፣ አጥንቱ ይሰማኛል። ለራሱ ጎመኑን ሲጎርስ ፊቱ አይለወጥም ነበር። ለእኔ ግን ፈርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም።

ለቅሶው ሲያልፍ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። «ቀድሞ ሥጋውን ትቶት ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር?» አልኩት።

«ስለ አንድ ሰው እንዲህ ነው ማለት አይቻልም» አለ። «ዕድሜ አለ፣ ዘር አለ፣ ገና የማናውቀውም አለ። ወንድምህ በልቶ ነው የሞተው አትበል። አንተ ግን አመጋገብህን ጠብቅ፣ አርባን ስትጠጋ ደግሞ ና።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። እስከ ፒያሳ በእግሬ ሄድኩ።

ጊዜው ሲደርስ እመረመራለሁ። የምፈራው መርፌውን ወይም ውጤቱን አይደለም። እዚያ ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ስሜ እስኪጠራ ብቻዬን መቀመጡን ነው። ጋሼ ቢኖር ከእኔ ቀድሞ ለብሶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።