በቁጥር 217 የገባው አቤቱታ

የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ገነቴ ፀጉሯን ግማሹን ብቻ ተሠርታ ከበርጩማው ተነሣች። የምትሠራት ጎረቤቷ እልፍነሽ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። እየጎነጎነች፣ «ባልሽ ዛሬ የአዲሱን ገበያ ፕላን ይፈርማል አሉ። እኛን እንደ እህል ፀሐይ ላይ ሊያሰጣን» ብላት ነው።

ገነቴ ያልተሠራውን ግማሽ በሻሽ ሸፍና ወጣች።

ባሏ ተረፈ ከሆሳዕና ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ከንቲባ ነበር። ኮሚቴው የገበያውን ቦታ ያየው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ከባሕር ዛፎቹ በስተ ምዕራብ ያለው ወገን ጥላ ስለነበር ለቅቤ ተራ ሰጡት። ቅቤ ግን ከገጠር የሚገባው እኩለ ቀን ገደማ፣ ገበያውም የሚደራው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ጥላው ወደ ቆርቆሮና ሚስማር ሻጮቹ ይዞራል። ከኮሚቴው ወንዶች አንዱም ቅቤ ሸጦ አያውቅም።

ይህን ቅዳሜ ዕለት ቤት ውስጥ ነግራው ነበር። ተረፈ፣ «የሐዳሳ እናት፣ በልጃችን ይዤሻለሁ፣ ተዪኝ። ከተማዋን የምታስተዳድረው ሚስቱ ናት እያሉ ይስቁብኛል» ብሎ ዘጋት።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለተኛ ክፍል ባስተማረችበት ጥርት ያለ እጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ አቤቱታ ጽፋ መዝገብ ቤት አስገባች፤ ቁጥር 217 ተሰጠው። ጸሐፊዋ «እርስዎማ ይግቡ» ብትላትም ሦስት ባለጉዳዮችን አስቀድማ ገባች።

መሐንዲሱ አሞጽ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቆሟል። ተረፈ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ምን ልታዘዝ፣ ወይዘሮ?»

«የከተማዋ ነዋሪ ነኝ፣ ክቡር ከንቲባ። አቤቱታዬ በቁጥር ገብቷል።»

«ቤት መነጋገሩ አይበቃም ነበር?» አለ አሞጽ እየሳቀ።

«ቤትማ ያለው ባሌ ነው፤ ፈሪ ነው። እኔ ከንቲባውን ፍለጋ መጣሁ።»

አሞጽ ሳቁን ዋጠ።

«ስምንት ሰዓት ላይ ሦስታችንም ቦታው ላይ እንገናኝ» አለች ገነቴ። «ቅቤ በኮባ ይዤ እመጣለሁ። ካልቀለጠ ፈርሙ።»

ሄዱ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቅቤው በኮባው ጠርዝ ወርዶ የአሞጽ ጫማ ላይ ተንጠባጠበ። ተረፈ ፕላኑን አጠፈ።

«ሚስቱ አስቀየረችው ይሉሃል» አለ አሞጽ።

«ይበሉ! ውሸት ነው እንዴ?»

የወሩ ቃለ ጉባኤ «በባለሙያ ጥናት መሠረት ተሻሽሏል» ይላል። ትክክል አይደለም። ባለሙያው የዚያን ዕለት ጫማውን ሲጠርግ ነበር። ያሻሻለችው ገነቴ ናት።

ነሐሴ 11 ቀን፣ በአርባ አራት ዓመቷ፣ አንድ ቀን እንኳ ታማ ሳትተኛ በድንገት አረፈች።

ዋዜማው የገበያ ቀን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጥላው ውስጥ ከተደረደሩት ሴቶች መካከል እልፍነሽ ዘንድ ቆመች።

«ለከንቲባ ሚስት አስተያየት የለም?»

«ለከንቲባ ሚስትማ ይጨመርባታል!»

ተሳስቀው ግማሽ ኪሎ ገዛች። አራስ ወደሆነችው ጎረቤቷ ወደ ኤልሳ ቤት ይዛው ሄደች፣ በእጇ ሰጠቻት፣ ሕፃኑን አይታ፣ ከመምሸቱ በፊት ቤቷ ገባች።