መናኸሪያው የተቆፈረበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት እዚህ መካነ ሰላም ስብሰባ ነበር። መናኸሪያው ከመሀል ከተማ ወጥቶ ዳር ይሠራ የሚሉና ካለበት ንቅንቅ አይበል የሚሉ ሰዎች አዳራሹን ሞልተውታል። እኔ ካለበት አይነሣ ከሚሉት ወገን ነኝ። ከኋላዬ የተቀመጠች ልብስ ሻጭ ወጣት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እነዚህ አሮጊቶች ስለለመዱት ብቻ ነው!» አለች። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሐሳቤ ይኸው መናኸሪያ ወደተሠራበት ዘመን ጭልጥ ብሎ ሄደ። ያኔ ስብሰባ የሚያስቀውም የሚያስቆጣውም የእኔ ምላስ ነበር።

ገና ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ብርቄ ጉልበቷን ስለታመመች፣ በዋናው መንገድ ዳር ያለችውን ትንሽ ምግብ ቤቷን የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ። የምንበላውም የምንለብሰውም ከዚያችው ቤት ነው። የደሴ አውቶቡስ በዚያን ጊዜ የሚነሣው ከከተማው ውጭ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ ባዶ ሜዳ ነበር። መጠለያ የሚባል ነገር የለም። የእኛን አገር ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ ሰው ላይ ይተኛል፣ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። አንድ ቀን አክስቴን ለሕክምና ደሴ ላደርሳት እዚያ ሜዳ ላይ ረፋዱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድብን ቆይተን፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ጥሎን ሄደ። አዝዬ መለስኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሜዳ በሕልሜ ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ መናኸሪያ መሀል ከተማ ሊሠራ ነው ብሎ ሕዝቡን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሲሰበስብ፣ እንደ እኔ የቸኮለ አልነበረም።

የተቃዋሚዎቹ አፈ ቀላጤ ጋሽ ይማም ነበሩ። ከቤታችን ፊት ለፊት ጨውና ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ሲናገሩ ገበያ የሚያስቆም ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው።

«መናኸሪያ አያስፈልግም ያለ የለም» አሉ። «ግን ዳር ላይ ይሠራ። መንገዱን በክረምት ከቆፈራችሁት ገበያተኛው በየት ይግባ? እህል የጫነ አህያ ጉድጓድ ይዝለል?»

ብድግ አልኩ። «ጋሼ፣ አንቱ ለአህያው ነው የሚያስቡት፤ እኔ ግን ለበሽተኛው ነው!»

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ይማም ዞረው አዩኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ጉድጓዱ መጀመሪያ የሚከፈተው ያንቺው በር ላይ ነው» አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ እኛ አሸነፍን።

እንዳሉትም ሆነ። ሐምሌ ላይ የውሃ መውረጃ ቦይ ተብሎ ደጃችን ከወገብ በላይ ተቆፈረ። መሻገሪያ ያጋደሙልንን ሳንቃ ጎርፍ ወሰደው። ቦዩ ቡናማ ውሃ ሞልቶ ቀረ፣ ሥራውም በዝናቡ ምክንያት ቆመ። ጫማው ጭቃ የፈራ ሁሉ ሌላ ምግብ ቤት ለመደ። ሽሮ ሠርቼ እጠብቃለሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ እኔና አክስቴ እንበላዋለን። አክስቴ አንድም ቀን «ማን ተናገሪ አለሽ?» አላለችኝም። ቤቱን ዘግተን ወደ ገጠር፣ ዘመድ ጋ ለመሄድ መመካከር ጀመርን።

አንድ ጠዋት ከቦዩ ማዶ «የሺ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ይማም ናቸው።

«አቤት ጋሼ!»

«ድስትሽን ይዘሽ ተሻገሪ!»

ሊያላግጡብኝ መሰለኝ። «አሸንፈዋል ጋሼ፣ ይብቃዎት!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ትላለች ይቺ! እኔ አይቆፈር አልኩ እንጂ እንጀራሽ ይቆረጥ አልኩ? የጨው መጋዘኑን አስጠርጌልሻለሁ። በጓሮው በር ሰው ይገባል። አብሽሪ፣ ነይ!»

እንባዬ መጣ፤ በዝናቡ አልታየም እንጂ። በታችኛው መንደር ዞሬ ድስቶቼን ተሸክሜ ስደርስ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ምድጃውን አቀጣጥለው ጠበቁኝ። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። በእኛ አገር ክርስቲያንና ሙስሊም ማዕዳችን የሚለየው በሥጋ ነውና፣ ጾሙ አገዘኝ፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ሠርቼ ሁሉንም በአንድ ትሪ አበላ ጀመር። ዝናቡ ሥራ ያስፈታቸው ቆፋሪዎች ሳይቀሩ በጓሮ ይመጡ ነበር። ጋሽ ይማም አጠገባቸው ተቀምጠው፣ «አገር አበላሻችሁ!» እያሉ ይቆጧቸዋል፤ ወዲያው ደግሞ ያጎርሷቸዋል። ጾሙ ሲፈታ ሥጋ ልጀምር ወይ ብል ደንበኛው ሁሉ «እንዳታደርጊው!» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ቤቴ የጾም ቤት ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ቦዩ ተገነባ፣ ግቢውም ድንጋይ ለበሰ። አክስቴ የደሴን አውቶቡስ ቆርቆሮ ጥላ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ጋሽ ይማም ሊሸኟት መጥተው ጣራውን አዩ፣ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ደግ ነው» አሉ። ወደ መንገዱ ዞር ብለው አዩና፣ «ቦዩ ግን ጠቧል።»

በቀጣዩ ክረምት ቦዩ ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ግን አንድ ጊዜም «አላልኳችሁም?» አላሉም።

ጋሽ ይማም ወደ አኼራ ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆነ። አሁን ስብሰባ ላይ ሰዎች በአንድ መናኸሪያ ምክንያት ሰላምታ ሲነፋፈጉ ሳይ እሳቸው ትዝ ይሉኛል። በክርክር አንዱ ወገን ያሸንፋል፤ ጭቃው ግን ለሁሉም እኩል ይደርሳል። እኔ በዚያ ሜዳ ላይ ያጨበጨቡልኝን ሰዎች መልክ ረስቻለሁ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ አጨብጭበው ወደየቤታቸው ገቡ፣ በቃ። በር የከፈቱልኝ ያሸነፍኳቸው ሰው ናቸው። አላህ የጀነት ያድርጋቸው እላለሁ፣ እኔ ክርስቲያኗ፣ በእሳቸው ቋንቋ።