እንደ በዓል ዶሮ የተከረከመችው በቀቀን

ካዛንቺስ ትኖር የነበረችው አክስቴ ቤቷ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስትገባ፣ ሶፋዋን ለወንድሟ፣ በቀቀኗን ለእናቴ ሰጠች። ሶፋው በተሻለን! ወፊቱ ታክሲ ፌርማታ ፊት ለፊት መስኮት ላይ ያደገች ስለሆነች፣ በጠዋት «ወራጅ አለ!» እያለች የእማዬን ሰፈር የቂርቆስን ሰው ሁሉ ትቀሰቅሳለች። እማዬ ግን ሳምንት ሳይሞላ በፍቅሯ ክንፍ አለች።

እኔ ቡልጋሪያ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ከወጣሁ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባት ነበር። አሁን የምትቆጣው ሰው፣ ማለቴ ወፍ፣ አገኘች። ከሽቦ ቤቷ ታወጣታለች፤ እሷም ከመጋረጃው ብረት ወደ ቁምሳጥን፣ ከቁምሳጥን እማዬ ትከሻ ላይ ትበራለች።

አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ወጣችና የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈች። ወዲያው ተመለሰች፤ የእማዬ ነፍስ ግን አልተመለሰችም። «ይቺም ልትሄድብኝ ነው!» አለች። «ም»ዋ ለእኔ እንደሆነች ገብቶኛል።

እናቴ ስለ ክንፍ የምታውቀው ከበዓል ዶሮ ነው። ዶሮ ስትገዛ፣ እስክትታረድ አጥር እንዳትዘል አንድ ክንፏን በመቀስ ከርከም ታደርጋለች፣ በቃ። በቀቀኗንም እንደዚያው፤ ቀኙን ብቻ።

«እማዬ፣ ይቺ እኮ ለወጥ አልተገዛችም!» ብዬ ጮህኩባት።

«ምን አመማት? አንቺስ ፀጉርሽን ተስተካክለሽ አይደል የመጣሽው?»

እውነቷን ነው፣ ሲቆረጥ አላመማትም። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው።

የቂርቆስ ማኅበር ተራ ደርሶን ቤቱ በሰው ሞልቷል። የነፍስ አባታችን ማዕዱን ባርከው ሊቀመጡ ሲሉ፣ ወፊቱ መጋረጃውን ቧጥጣ ወጥታ እንደ ልማዷ ከብረቱ ወደ እማዬ ትከሻ ተነሳች። በአንድ ክንፍ የት ይደረሳል? አየር ላይ ተሽከረከረች፣ የአባን ጥምጣም ገጨች፣ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ በደረቷ ዷ! «በስመ አብ!» አለ ማኅበርተኛው። አባም ጥምጣማቸውን እያቃኑ ሳቁ፤ እኔማ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። ዞር ስል እማዬ ተንበርክካ ወፊቱን ታቅፋለች፤ ነጠላዋ ላይ ደም ነበር።

«ሚዛኗን አጥታ ነው» አላት የእንስሳት ሐኪሙ። «አዲስ ላባ እስክታወጣ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ዝቅ ያለ ቦታ ያኑሯት፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ ከወደቀች ላትተርፍ ትችላለች።»

ቁስሉ ዳነ፣ እሷ ግን አልዳነችም። «ወራጅ አለ» ቀረ። ጥግ ተቀምጣ የገዛ ደረቷን ላባ ትነጫለች፤ እጅ ሲቀርባት ትናከሳለች። ከጥጓ ወጣ ስትል ደግሞ በእግሯ እማዬን እየተከተለች ሽንት ቤት ድረስ ትሄዳለች። እማዬም የጎረቤት ድመት እንዳይበላት ቀኑን ሙሉ መጥረጊያ ይዛ ዘበኛ ሆነች። አይጣል ነው! በግልጽ ልናገርና በጣም ተናድጄባት ነበር፤ ግን ወፊቱ ሳትበላ ስትቀር እሷም እንደማትበላ ሳይ ቁጣዬን ዋጥኩት።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ ስመጣ እማዬ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ወፊቱ ጭኗ ላይ፣ መቀሱ አጠገቧ። የቀኙ ላባ ሙሉ በሙሉ አድጓል።

«እማዬ፣ መቀሱ ምን ይሠራል?»

«ውሰጂልኝ» አለችኝ። «እዚህ ካለ እጄ አያርፍም።»

ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ወፊቱ አንዴ ተርገፈገፈች፣ ከዚያ ብድግ ብላ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወጣች። እማዬ እጄን ጨበጠችኝ፤ ኧረ ልትሰብረኝ ነበር። ወፊቱ ወዲያ ወዲህ አለች፣ ላባዋን አስተካከለች፣ ጭራሽ ጀርባዋን ሰጠችን። እማዬ ከንፈሯን ነክሳ ስሟን እንኳ አልጠራችም።

«ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ወፊቱ መጥታ እማዬ ትከሻ ላይ ዘፍ አለች።

እማዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እኔን ሳታይ፣ «አንቺስ ብትሆኚ፣ ሳልከረክምሽ እሁድ እሁድ ትመጪ የለ» አለች።

ያን ቀን ቡልጋሪያ አልተመለስኩም።